ለአይሮፕላን መስኮት የሚሆን ሙጫ

ሙጫ ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሁለት ነገር አያይዞ እንዳይለያዩ ካደረገ ሥራውን ፈጸመ ይባላልና ከዚህ አልፎ የሚመረምረው የለም። ዳሩ ግን ማጣበቅ ብቻ ሳይሆን ሳይታዩ ማጣበቅ የሚጠየቅበት ሥራ አለ። ይኸውም ትናንሽ የአይሮፕላን አምሳያ በሚገጣጥሙ ሰዎች ዘንድ መስተዋት መስለው የተሠሩትን ጥርት ያሉ የፕላስቲክ ክፍሎች፣ ማለት የአብራሪውን የፊት መስተዋትና የመንገደኞቹን መስኮቶች፣ በየቦታቸው ማኖር ነው። ክንፉ ደኅና ሆኖ ያልተጣበቀ እንደ ሆነ እንደ ገና ይጣበቃል፤ ሙጫው ቢያብጥም ተሞርዶ ቀለም ይለብሳል። መስኮት ግን ቀለም አይቀባም። አንድ ጊዜ የጨፈገገ እንደ ሆነ እንደ ጨፈገገ ይኖራል።

በዚህ ነገር አጥብቀን እንድናስብ ያደረጉን በኦሎምፒያ የሚኖሩ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። እኒህ ሽማግሌ በጕልማሳነታቸው በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሞተር ሠራተኛ ሆነው ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት ዲሲ 3 የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ነው። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጕዞ ያደረገው በዚሁ ዓይነት አይሮፕላን፣ ይኸውም ለጦር ሠራዊት ጭነት በተሠራው ሲ 47 በተባለው ነበር። በዚያን ጊዜ ወንበሩ በግድግዳው ልክ የተዘረጋ አግዳሚ ስለ ነበረ መንገደኛው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር፤ አገሩን ለማየት የፈለገ አንገቱን ማዞር ነበረበት። ጎረቤታችን ወደ ሥራ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሆኖም ነገሩን ከታላላቆቻቸው ሰምተው እንዳዩት አድርገው ይተርኩታል።

የወንድማችን ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ የዚህኑ አይሮፕላን አምሳያ ያልተገጣጠመ በሳጥን ይዞልን መጣ። ከእውነተኛው 72 እጅ ያነሰ ስለ ሆነ 29 ሜትር የሚሆነው የክንፉ ስፋት ወደ 40 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ለጎረቤታችን ልንሠራላቸው ቃል በገባን ጊዜ ሽማግሌው ሳጥኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ካገላበጡ በኋላ እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፣ በእኔ ዓይን ላይ ያለው ሞራ ይበቃል፤ በእሷ ላይ ደግሞ እንዳታለብሳት። በግራ በኩል ያለውን ወንበር በመስተዋቱ አሻግሬ ማየት እፈልጋለሁ። ሞተሩን ስንፈትን የምቀመጠው እዚያ ነበር።» የሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ሊገፈፍ ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበርና ጊዜያችን የተወሰነ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ያለው የፊት መስተዋት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ቢበላሽ ሌላ የሚሸጥበት ሱቅ በአካባቢያችን የለም።

እንግዲህ የሚያስገርመው ነገር ይህ ነው፤ አይሮፕላኑ በአይሮፕላን መጣ፣ ሙጫው ግን መምጣት አልቻለም። ለእንዲህ ያለው ሥራ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ በቀላሉ እሳት የሚይዝ በመሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ እንዳይጫን በዓለም የበረራ ሕግ የተከለከለ ነው። ቢመጣም ኖሮ ለመስኮቱ አንመርጠውም ነበር። ያ ፈሳሽ በእውነቱ ሙጫ አይደለም፤ ሁለቱን የፕላስቲክ ገጾች አሟሙቶ አንድ የሚያደርግ አሟሚ ነው። ለክንፍና ለአካል ከርሱ የተሻለ የለም። ጥርት ያለው ክፍል ግን በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ተጨንቆ የቀዘቀዘ፣ በውስጡም ውጥረት የቀረበት ነገር ስለ ሆነ፣ አሟሚው በነካው ጊዜ እንደ ጠጕር የቀጠኑ ስንጥቆች ይፈነጥቁበታል።

ስለዚህ ምርጫችን በከተማችን ገበያ ካለው ሆነ። የሙጫዎቹን ስም የሰማ ሰው የጣልያን ቋንቋ ትምህርት የገባ ይመስለዋል፤ ኮላ ጣልያንኛ ነው፣ ማስቲሽም ጣልያንኛ ነው፣ ሙጫውን የምናነሣበት ስቴኪኒ እንኳ ከዚያው የመጣ ነው። ካዛንቺስም ቢሆን ስሙን ያገኘው ካዛ ኢንቺስ ከተባሉት የጣልያን ሹማምንት ቤቶች አይደለም ወይ?

ማስቲሽን ያነሣነው ልንጥለው ነው። ለጫማ ሠሪ የሚያገለግል ቢሆንም መልኩ የጠቆረ፣ አሟሚውም ፕላስቲክ የሚበላ ነው። ከዚህም ሌላ በዚህ በኦሎምፒያ መንገድ ማታ የሚያልፍ ሰው በፕላስቲክ ዕቃ አድርገው የሚስቡትን ልጆች ሳያይ አይቀርም፤ ረኃብና ብርድ ያስረሳል ይላሉ። ይህ ክፉ ነገር በእኛ አገር ብቻ የተጀመረ እንዳልሆነ የምንረዳው፣ በአሜሪካ የአይሮፕላን አምሳያ ሙጫ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ልጆች እንዳያሸቱት ብሎ የሰናፍጭ ዘይት የጨመረበት መሆኑን ስንሰማ ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ ሙጫ ለመግዛት ልጅ ልከን አናውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሱፐር ግሉ ነው። ሁሉም ሰው የሚመክረው እርሱን ነው፤ ባለሱቁም ሳንጠይቀው ያቀረበልን እርሱን ነበር። የዚህ ሙጫ ታሪክ ግን ከጕዳያችን ጋር እንግዳ የሆነ ግንኙነት አለው። ሃሪ ኩቨር የተባለው አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1942 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኮዳክ ኩባንያ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው፤ የነካውን ሁሉ ስለሚይዝ ግን አይረባም ብሎ ተወው። በ1951 ለጄት አይሮፕላን የአብራሪ መስተዋት የሚሆን ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ሲፈለግ ነገሩ እንደ ገና ብቅ አለ። የሥራ ባልደረባው የብርሃንን መሰበር በሚለካ ውድ መሣሪያ ሁለት መስተዋቶች መካከል ጠብ ቢያደርገው መስተዋቶቹ ተጣብቀው ቀሩ፤ ያን ጊዜ ሙጫ መሆኑ ታወቀ። በ1958 ለገበያ ወጣ። እንግዲህ ጥርት ያለ መስተዋት ሲፈለግ ሁለት ጊዜ የተገኘው ይህ ነገር የጥርት መስተዋት ዋና ጠላት ሆኖ መገኘቱን ምን እንለዋለን?

ጠላትነቱ በወሬ ብቻ እንዳይቀር ፈተንነው። ጥርት ያሉት ክፍሎች ተያይዘው ከሚመጡበት ዘንግ ላይ ሁለት ቍራጭ ቈርጠን በሱፐር ግሉ አጣብቀን ብርጭቆ ደፋንባቸውና አሳደርናቸው። ጠዋት ስናይ ማያያዣው ላይ ብቻ ሳይሆን ሙጫው ጨርሶ ያልደረሰበት ስፍራ ሁሉ ነጭ ብናኝ ለብሶ አገኘነው። ምክንያቱም ሙጫው ከመድረቁ በፊት ጥቂቱ ይተንና በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ተገናኝቶ በአካባቢው ባለው ገጽ ላይ ደርቆ ይቀራል። ፖሊሶች በወንጀል ዕቃ ላይ ያለውን የጣት አሻራ ለመግለጥ ይህንኑ እንፋሎት ይጠቀሙበታል። ለእነርሱ በጎ ነው፤ የተዘጋ የአይሮፕላን ሆድ ግን እንደዚያ ብርጭቆ ነውና ብናኙ በመስኮቶቹ በስተ ውስጥ፣ ጣትም ጨርቅም በማይገባበት፣ ይቀመጣል።

ከሁለት ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ እንዲህ ያለ ጭጋግ የለበትም፤ ከጊዜ ብዛትና ከፀሐይ የተነሣ ግን ይወይባል። የአባቶቻችንን የግራር ሙጫም ሞክረን ነበር። ጸሐፍት ቀለማቸውን የሚያጸኑበት፣ ለብራና የተመሰገነ ነገር ነው፤ በለሰለሰ ፕላስቲክ ላይ ግን ደርቆ እንደ ቅርፊት ተነሣ።

የቀረው አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ ነው። የሸጠልን ሰው በካዛንቺስ ይሠራ የነበረ፣ ብዙው ሠፈር በ2017 ዓ.ም. ለልማት ሲነሣ ወደ ሌላ ስፍራ የሄደ አናጢ ነው። ለምን እንደምንፈልገው ስንነግረው ሳቀ፤ «ይህ እኮ የእንጨት ነው፤ ፕላስቲክ አይዝም» አለን። እውነቱን ነው፤ እንጨት እንደሚይዝ አድርጎ አይዝም። ነገር ግን መስኮት ምን ሸክም አለበት? ክንፍ አይሸከም፣ በመንኰራኵር አይቆም። ከቦታው እንዳይወድቅ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ለዚህም ትንሽ ኃይል ይበቃል። ሰው ጠንካራውን ሙጫ የሚመርጠው ጥንካሬ በማያስፈልግበት ስፍራ ጭምር ስለ ሆነ ነው መስኮቱን የሚያጠፋው።

ኮላው ነጭ ሆኖ የሚታየው ፖሊቪኒል አሲቴት የተባለው ነገር እጅግ ደቃቅ ሆኖ በውኃ ውስጥ ስለ ተበተነ ነው፤ ወተት ነጭ የሚሆንበትም ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውኃው ሲሄድ ደቃቆቹ ተጠጋግተው አንድ ስስ ገጽ ይሆናሉ፣ ነጭነቱም ይጠፋል። አሟሚ ስለሌለበት ፕላስቲኩን አይሰነጥቅም፤ ጭጋግ የሚሆን እንፋሎትም የለውም። የፈሰሰው ሳይደርቅ በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። ጕድለቱ ሁለት ነው፤ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ውኃውም በፕላስቲክ ውስጥ ማለፍ ስለማይችል በጠርዙ ብቻ ስለሚወጣ ይዘገያል። በክረምት ይልቁንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ በስቴኪኒ ጫፍ እንደ ክር አቅጥነን በጠርዙ ዙሪያ አኖርንና መስተዋቱን በሳሙና አጥበን፣ ጣታችን እንዳይነካው በወረንጦ ይዘን አስቀመጥነው። ሌሊቱን አሳደርነው።

አንዲት ትንሽ መስኮት ከሳጥኑ ጐድላ ነበር። ለርሷ ፕላስቲክ አላስፈለገም። ስቴኪኒውን ኮላ አስነክተን በቀዳዳው ዙሪያ ካዞርን በኋላ ወደ መካከል ብንስበው እንደ ሳሙና አረፋ ስስ ሆኖ ተዘረጋ፤ ጠዋት ደርቆ ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮት ሆኖ አገኘነው። ከጥቂት ሚሊሜትር ለሚበልጥ ቀዳዳ ግን አይሆንም።

ጎረቤታችን ከሕክምናቸው በኋላ አይሮፕላኑን ወደ ብርሃን አዙረው በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም፣ «ወንበሮቹ አሉ፣ መሪዎቹም አሉ፤ በመካከላቸው ያሉት የሞተሩ ጕልበት መስጫ እጀታዎች ግን የሉም» አሉ። በሳጥኑ ውስጥም አልነበሩም። «ጋሼ፣ ይጨመር ቢሉ ይጨመራል» አልናቸው።

«ተዘግቷል እኮ፤ ይከፈታል ወይ?»

በማያያዣው ላይ እርጥብ ጥጥ አኑረን ጠበቅን። ኮላው ውኃ ጠጥቶ ዳግመኛ ነጭ ሆነና ለሰለሰ፤ የምላጭ ጫፍ ብናስገባ መስተዋቱ ሳይጫር በሙሉው ተነሣ። ጋሼ እጀታዎቹን ከቀጭን የመዳብ ሽቦ በራሳቸው እጅ ቈረጡ፤ የአንዱ ርዝመት ከሌላው በለጠ ብለው ሦስት ጊዜ ጣሏቸው። መስተዋቱ ወደ ቦታው የተመለሰው በማግስቱ ጠዋት ነው።