ሲስተር ኬለር እና የጓደኛችን ሕፃን

«ሲስተር» ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ ትዝ የሚለን ነጭ ጋውንና መርፌ ነው። ከመካከላችን ሲስተሮች ጋ የተማሩት ደግሞ ዛሬም ቃሉን ሲሰሙ ወገባቸውን ያቃናሉ፤ የቤት ሥራ ያልሠሩ ይመስል። ኮምፒውተር ግን ለማናችንም ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር።

ሲስተር ሜሪ ኬኔዝ ኬለር አሜሪካዊት የካቶሊክ መነኩሲት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1965 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ተቀበሉ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው)። በአሜሪካ በዚህ ትምህርት ዶክትሬት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች አንዷ ናቸው። ከሴቶቹ አላልንም፤ ከሁሉም። ሌላው ኧርቪንግ ታንግ የተባለ ሰው ሲሆን በዚያው ቀን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል። የሲስተር የመመረቂያ ጽሑፍ ኮምፒውተር ከተሰጡት ምሳሌዎች ተነስቶ አጠቃላይ ሕጉን እንዴት ራሱ ሊደርስበት እንደሚችል የሚመረምር ነበር። ዛሬ የያዝነው ስልክ ሳይቀር የሚኩራራበትን ጉዳይ ማለት ነው።

እኛን የያዘን ግን ቀዳሚነታቸው አይደለም፤ ዓመቶቹ ናቸው። ማስተማር ዋና ሥራው ወደሆነ የመነኮሳይያት ማኅበር የገቡት በ1932፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከዲፖል ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በ1943። ማስተርሳቸውን፣ እዚያው፣ በ1953። ዶክትሬቱ ሲመጣ ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። እኛ እኮ በሃያ ሦስት ዓመታችን ጋውን ለብሰን ፎቶ ተነሣን፣ ፎቶውን ሳሎን ሰቀልን፣ በቃ «ተምረን ጨረስን» አልን። ከዚያ ወዲህ ማናችንም አንድ የሒሳብ ጥያቄ እንኳ በፈቃዳችን አልሠራንም።

ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጓቸው «ቤዚክን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው» የሚል ይገጥማችኋል። ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በ1964 ያወጡት የዳርትማውዙ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ናቸው። የወደዱትን ሰው ሲያወድሱ ትንሽ ጨመር ማድረግ እኛም ሰፈር ያለ ነገር ነው፤ ለሲስተር ግን ጭማሪው አያስፈልጋቸውም።

ዶክትሬቱን ይዘው የሄዱት የት መሰላችሁ? ዱቡክ፣ አዮዋ። ክላርክ የተባለ፣ ማኅበራቸው የመሠረተው ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ። እዚያ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል አቋቁመው በ1985 እስኪያርፉ ድረስ ሃያ ዓመት መሩት። እናቶች መማር አለባቸው ብለው ያምኑ ስለነበር ሕፃናቶቻቸውን ይዘው ክፍል እንዲገቡ ያበረታቱ ነበር።

እዚህች ላይ ስንደርስ ዝም አልን። ከመካከላችን አንዷ ዓምና የማታ ማስተርስ ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ሞግዚቷ ቀረችባት። ልጇን አዝላ ሄደች። ጥበቃው በር ላይ «ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው» አላት። የት እንደተጻፈ ጠየቀችው፤ ትእዛዝ ነው አላት። በሚቀጥለው ሳምንት ሞግዚቷ መጥታለች፤ ጓደኛችን ግን አልሄደችም። እኛም ያን ጊዜ ምን አልን? «ተይው፣ ልጁ ከፍ ሲል ትቀጥያለሽ» አልናት። ምክር የሰጠን መስሎን ነበር። ለአንዲት ማታ እንኳ «ልጁን እኛ እንይዝልሽ» ያለ አልነበረም፤ አራት ነበርን፣ ሦስታችን ሥራ ፈት።

ይህን ስንጽፍ አጠገባችን ተቀምጣ ልጇን ሙዝ እያበላች ነበር። የሲስተርን ነገር አነበብንላት።

«የት ነው ያላችሁት ኮሌጁ?»

«አዮዋ።»

«ሩቅ ነው» አለችና የልጇን አፍ ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችን። «ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ምን ትሠራላችሁ?»