ሸክላ ይሰበራል፣ መዳብ ይታጠባል

ፋሲካ ሲቃረብ ሁላችንም ቤት አንድ ዓይነት ሥራ ነው ያለው። መደርደሪያ ስንፈትግ፣ ምንጣፍ ስናራግፍ፣ ከሶፋ ሥር የብስኩት ፍርፋሪ ስንለቅም እንሰነብታለን። ሃሜጽ የሚባል ነገር እንዳይቀር ነው። ባለፈው ዓመት እኛም የእናታችንን ቤት ልናጸዳ አምስታችንም ልጆቿ እንገናኝ ተባብለን አራት ሆነን ተገኘን። የዚያን ሰሞን ነገር ልናካፍላችሁ ነው። ትልቅ ታሪክ አይደለም፤ የአንዲት ድስት ነገር ነው። ግን ብዙ ድራሻ ሰምተን ያልገባንን በዚያች ድስት ስለተማርን፣ ለሌላም ቤት ይጠቅም ይሆናል ብለን ጻፍነው።

ድስቷ የሸክላ ነበረች። ታናሽ እህታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢትዮጵያ ሄዳ፣ ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ ነው የገዛቻት። በፎጣ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ አውሮፕላን ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ቤን ጉርዮን አደረሰቻት። ወለቃ የቤተ እስራኤል እናቶች በሸክላ ሥራ ይታወቁባት የነበረች መንደር መሆኗን ታውቃላችሁ። እናታችንም አገር ቤት ሳለች ሸክላ ሠሪ ነበረች። ድስትና ማሰሮ ሠርታ፣ ተኩሳ፣ ገበያ ወስዳ በእህል ትለውጥ ነበር። በዚያ ሙያ ምክንያት ቡዳ ተብላ ተሰድባለች፤ በዚያው ሙያ ግን እኛን አሳድጋለች።

በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስንመጣ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሕዝብ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲጓጓዝ፣ ዕቃ ጫኑ ያለን የለም። የለበስነውን ይዘን ነው የመጣነው። ስለዚህ ያቺ ድስት ለእኛ ድስት ብቻ አልነበረችም፤ ጥለነው የመጣነው ቤታችን በሙሉ ነበረች። እናታችን ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ሽሮ ስትሠራባት፣ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ይቀበለን ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ አምስተኛው እንንገራችሁ። አባታችን ካረፈ በኋላ፣ በተዝካሩ ዕለት፣ ሁለቱ ወንድሞቻችን ለመቃብሩ ድንጋይ በወጣው ገንዘብ ተነጋገሩ። ነገሩ የጥቂት ሺህ ሼቄል ነበር። ግን ታላቁ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ታናሹን፣ «አባታችንን በሕይወት እያለ ያልጠየቅህ፣ አሁን ስለ ድንጋዩ ምን አገባህ?» አለው። ታናሹ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ሠርግ ላይ አንዱ ካለ ሌላው ይቀራል። በፋሲካ ደግሞ ታላቁ ለሴዴር ሌሊት ይመጣል፣ ታናሹ በበዓሉ መጨረሻ ቀን ይመጣል። እናታችን ሁለት ፋሲካ ታከብር ነበር ማለት ነው፤ ሁለቱም ግን ጎዶሎ። እኛ የቀረነው ምን አደረግን? ምንም። «ጊዜ ይፈታዋል» እያልን፣ ለማን መቼ መደወል እንዳለብን ተለማምደን ኖርን።

ወደዚያ ቀን እንመለስ። ከሕንጻችን በታች፣ ምኩራቡ ፊት ለፊት፣ በየዓመቱ እንደሚደረገው ትልቅ በርሜል ውሃ እየፈላ ነበር። ሰፈርተኛው የብረት ድስቱን፣ ማንኪያውን፣ ሹካውን እያመጣ የፈላው ውሃ ውስጥ ያስነክራል፤ ለፋሲካ ካሼር ይሆናል። እኛም የእናታችንን ብረታ ብረት በሁለት ፌስታል ይዘን ወረድን። እሷ ደግሞ ከኋላችን ሸክላዋን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። በርሜሉን የሚጠብቀው ወጣት ልጅ ድስቷን አይቶ በአክብሮት፣ «ሳፍታ፣ ይቺ አትሆንም። ሸክላ የበላውን አይተፋም፤ ብናፈላውም አይጠራም። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊባት፣ ከበዓሉ በኋላ ታወጪያታለሽ» አላት።

ተርጎምንላት። እናታችን ሳቀች። «ይሄ ልጅ የእኛን አገር ነገር ማን ነገረው?» አለች።

ለእኛ ለልጆቿ ብዙ ጊዜ የምትነግረን ነገር ነው፤ እኛ ግን እንደ ተረት ነበር የምንሰማው። አገር ቤት ፋሲካ ሲደርስ ቤቱ ይጠረጋል፣ ይለቀለቃል፣ ልብሱ ሁሉ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ሴቶቹ ቀደም ብለው አዲስ ሸክላ ሠርተው እርሾ ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ የተበላበትን አሮጌውን ሸክላ ከቤት አውጥተው ይሰብሩታል። በአዲሱ ነው ፋሲካ የሚዋለው፤ ያልቦካ ቂጣ ጋግረው፣ ቄሶቹ ከግብፅ የወጣንበትን ታሪክ ከኦሪት በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ሲተረጉሙ እየሰሙ። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ፣ የኃጢአት መሥዋዕት የተቀቀለበት ዕቃ ሸክላ ከሆነ ይሰበር፣ መዳብ ከሆነ ተፈትጎ በውሃ ይታጠብ እንደሚል በዓይኗ አላነበበችም። በእጇ ግን ታውቀዋለች። እዚህ ስንመጣ ስለ ሥርዓታችን ብዙ ተጠይቀናል፣ ተጠራጥረውናልም። በዚያ በርሜል አጠገብ ግን መጽሐፍ የተማረው ወጣትና ያልተማረችው እናታችን ስለ ሸክላ አንድ ቃል ሲናገሩ ሰማን። ደስ አለን፣ አንዋሽም።

ደስታችን ደረጃውን እስክንወጣ ብቻ ነበር የቆየው። እናታችን ቤት ገብታ ድስቷን በጨርቅ ጠቀለለችና በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የቡና ዘነዘናውን አነሣች።

ታናሽ እህታችን ጮኸች። «እማዬ! ምን ልታደርጊ ነው? ልጁ እኮ ቆልፉባት ነው ያለው! ይፈቀዳል!»

«ይፈቀዳል» አለች እናታችን። «ልጁ እውነቱን ነው። ለዕቃ ይሆናል።»

«ታዲያ?»

«እኔ መቆለፍ ሰለቸኝ።»

መታቻት። አንድ ጊዜ ነው የመታቻት፤ ሸክላ ሠሪ ናትና የት ጋ እንደሚሰበር ታውቃለች። እህታችን አለቀሰች። ታላቅ ወንድማችን ተቆጣ፤ «ከጎንደር ድረስ የመጣች ማስታወሻ!» አለ። እናታችን ዘነዘናውን አስቀምጣ እሱን አየችው። ድምፅዋን አላነሣችም።

«አየህ ልጄ፣ ሸክላ ይጠጣል። ዛሬ ያበሰልክበትን ትናንት ካበሰልክበት ጋር ይይዛል። ከላይ ብታጥበው ንጹሕ ይመስላል፤ እሳት ሲነካው ግን ያ የቆየው ሽታ ይወጣል። እናንተም እንደዚሁ ናችሁ። በበዓል ነጭ ለብሳችሁ ትመጣላችሁ፣ ከላይ ታጥባችኋል። ቂማችሁን ቁም ሳጥን ቆልፋችሁበት ነው የምትመጡት። በዓሉ ሲያልፍ ታወጡታላችሁ። እኔ ዕድሜዬ ሄዷል፤ ስንት ፋሲካ ቀረኝ? ለእኔ ብላችሁ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ስበሩት።»

ማንም መልስ አልሰጠም። ምን ይባላል? «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ስንናገረው ግን ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስናስበው፣ ሰው በልቡ ውስጥ ያለን ነገር የሚይዘው በሦስት መንገድ ነው። የሚታጠብ አለ። ትንሽ ቅያሜ፣ የአፍ ወለምታ፣ በዘገየ ስልክ የመጣ ኩርፊያ፤ ይሄ እንደ መዳብ ነው፣ ሞቅ ያለ ቃል ካገኘ ይጠራል። የሚቆለፍ አለ። እኛ የመረጥነው ይሄንን ነበር፤ ሰላማዊ ይመስላል፣ ጠብ የለበትም፣ ግን ቁልፉ ኪሳችን ውስጥ ነው። ሦስተኛው ግን ውስጥ ድረስ የጠለቀ ነው። እሱን ማጠብም መቆለፍም አያድነውም። መሰበር አለበት። መሰበሩ ደግሞ ያማል፤ ምክንያቱም የምንሰብረው ቂሙን ብቻ አይደለም፣ «እኔ ነኝ ትክክል» ብለን ይዘነው የኖርነውን ውድ ዕቃም ነው። እናታችን የማትወዳትን ድስት አልሰበረችም። የምትወዳትን ነው የሰበረችው።

እህታችን እንባዋን ጠርጋ ስባሪውን ፎቶ አነሣችና በቤተሰባችን ዋትሳፕ ላይ ላከችው። ምንም አልጻፈችበትም። ታናሽ ወንድማችን አየው፤ ምልክቱ ሰማያዊ ሆነ። መልስ የለም። ታላቁ ስባሪውን ለቅሞ በፌስታል አድርጎ ሊጥለው ወረደ፤ ቶሎ አልተመለሰም። ታች አግዳሚ ወንበር ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ በመስኮት አየነው። ለማን እንደደወለ አልጠየቅነውም።

በማግስቱ ማታ፣ ለሴዴር ተሰብስበን ሃጋዳው ሳይጀመር በሩ ተከፈተ። ታናሽ ወንድማችን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቆሟል። በእጁ ካርቶን አለ፤ በዓሉ ሳይገባ ከሐበሻ ሱቅ የገዛው አዲስ የሸክላ ድስት። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ታላቁ ከእናታችን ጎን ከነበረው ወንበር ተነሥቶ፣ «እዚህ ቁጭ በል፣ እኔ ከልጆቹ ጋር እሆናለሁ» አለው። ያን ሌሊት እርስ በርሳቸው የተነጋገሩት «ማጻውን አቀብለኝ» እና «ልጅህ አድጓል» ብቻ ነው። እናታችን ግን በሃጋዳው መካከል ሁለት ጊዜ ወጥ ቤት ገብታ ዓይኗን ጠርጋ መጣች።

ልጆቹ አዲሱን ድስት አይተው ዛሬ ለምን እንዳልተሠራበት ጠየቁ። «ሳይሟሽ እሳት ላይ አይጣድም፤ ይሰነጠቃል» አለቻቸው። በሆል ሃሞዔድ ውስጡን ዘይት ቀብታ፣ በለስላሳ እሳት ላይ ጥዳ፣ አውርዳ፣ ደግሞ ጥዳ፣ ቀናት ወሰደባት። ስታሟሽ እያየን ነገሩ ገባን። አሮጌውን መስበር የአንድ ምት ሥራ ነው፤ አዲሱን ማሟሸት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ወንድሞቻችንም እንደዚያው ናቸው። ከበዓሉ በኋላ አንድ ሽማግሌ ባለበት ተቀምጠው ስለ ገንዘቡም፣ በተዝካሩ ስለተባለው ቃልም ተነጋገሩ። ከባድ ነበር። አሁንም አንዳንዴ ዝም ይላሉ። ግን እሳቱ ለስላሳ ነው፣ አልተሰነጠቁም።

ወገኖቻችን፣ ዘንድሮም መደርደሪያችንን እየፈተግን ነው። በየቤታችን በሴዴር ሌሊት ባዶ የሚሆን ወንበር ካለ፣ ስለ ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሃሜጹ ሳይቃጠል ደውሉ። የሚታጠበውን እጠቡ፤ የሚሰበረውን ግን አትቆልፉበት።

የእስራኤል አምላክ ሁላችንንም በአንድ ማዕድ ያገናኘን። ሃግ ሳሜያሕ፣ መልካም ፋሲካ።