ስለ ብርሃን ሥዕልና ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሆኖ ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት እንደ ሆነ ተምረናል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ካሜራ ወይም ስልክ ደግነን ቁልፉን ከመጫን በቀር፥ ብርሃንን ራሱን እንደ ቀለም ልንሠራበት እንደምንችል አናስብም። በዚህች አጭር ጽሑፍ፥ በፕሮጀክተር የሚወረወረውን ሥዕል በሰው ወይም በዕቃ ላይ አሳርፎ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት፥ በከተማችን በቦንጋ ሞክሬ ያየሁትን ለአንባቢዎች ለመግለጽ እወዳለሁ።

ሥዕልን በብርሃን መወርወር አዲስ ነገር አይደለም። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ በመስተዋት ላይ የተሣለውን ሥዕል በፋኖስና በሌንስ አማካይነት በግድግዳ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1659 ሠርቶ ነበር። በአገራችንም ሲኒማ በገባ ጊዜ፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል አይቶ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስታንሊ ኩብሪክ የተባለው የፊልም አዘጋጅም እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» በተባለው ፊልሙ፥ በዛሬይቱ ናሚቢያ የተነሡትን የበረሃ ፎቶግራፎች በእንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ከተዋንያኑ በስተኋላ በብርሃን አሳይቷል። ተዋንያኑም ከስቱዲዮው ሳይወጡ በአፍሪካ በረሃ የቆሙ መሰሉ።

እኔን ወደዚህ ሥራ የመራኝ ግን የአያቴ ነገር ነው። አያቴ በጉልበታቸው ዘመን የጫካ ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቦ ዓለም ዐውቆታል፤ እርሳቸው ግን ዛሬ ከደጃቸው ሆነው ከሩቅ ያዩታል። የቡና አበባ ደግሞ ከፈነዳ በኋላ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ አበባው በፈነዳ ጊዜ ወደ ጫካው ሄጄ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ከዚያም ፕሮጀክተር ተውሼ፥ ማታ ቡና ሲያፈሉ አበባውን በነጠላቸው ላይ ለማሳረፍ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ።

እርሳቸውም በካፊኖኖ ቋንቋ፥ «ልጄ፥ ነጠላዬን እንደ ወደድህ አድርገው፤ ፊቴን ግን አትሸፍንብኝ፤ ኋላ የሚመጡት ልጆች እኔን ይዩ እንጂ አበባ ብቻ አይዩ» አሉኝ።

ይህ ቃል ብዙ አስተማረኝ። በፕሮጀክተር ጥቁር ማለት ብርሃን የሌለው ሥፍራ ነውና፥ ፊታቸው የሚያርፍበትን ቦታ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ቀባሁት፤ በዚህም ዐይናቸው ከሚወጋው ብርሃን ዳነ። ለፊታቸው አንድ ሻማ አበራሁ። አበባው በነጠላው እጥፋት ላይ ሲዘረጋ፥ ጥቁሩ ጀበና ግን ብርሃኑን ዋጠው።

ለመሞከር የሚፈልግ ጓደኛ ይህን ያስተውል። ክፍሉ ይጨልም። የካሜራው ፍላሽ አይብራ፤ የተወረወረውን ሥዕል ያጠፋዋልና። ፕሮጀክተሩ በእጥፍ ሲርቅ በአንድ ሥፍራ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። አንዳንዱ ፕሮጀክተር ቀዩን፥ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን በየተራ ስለሚያወጣ፥ ካሜራው እጅግ ፈጥኖ ከተዘጋ በፎቶግራፉ ላይ የቀለም መስመሮች ይታያሉ። ስለዚህ ካሜራውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አድርጎ በዝግታ ማንሣት፥ የሚነሣውም ሰው ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ መለመን ያስፈልጋል።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ፎቶግራፉን አይቶ፥ «ይህ ውሸት ነው» ሲል ተከራከረኝ። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እንደሚባለው፥ የዛሬ ሰው ፎቶግራፍ ካላየ አያምንም፤ ኮምፒዩተርም ያልነበረውን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ ስለሚሠራ የጓደኛዬ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። አያቴ በዚያን ቀን በጫካ ነበሩ ብል በእርግጥ ዋሽቻለሁ። ነገር ግን አበባው የጫካችን አበባ፥ ነጠላው የአያቴ ነጠላ፥ ብርሃኑም በዚያች ሌሊት በእውነት በላዩ ያረፈ ብርሃን ነው። እንዴት እንደ ተሠራም ከፎቶግራፉ ሥር ጽፌአለሁ። ውሸት የሚሆነው አሠራሩ ሲሸሸግ ነው እንጂ ጥበቡ ራሱ አይደለም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ በየቤታችን ወደሚወደው ሥፍራ መሄድ የተሳነው ሽማግሌ ወይም አሮጊት አይታጣም። ሥፍራውን በብርሃን ተሸክመን ልናመጣላቸው እንችላለን። ነገር ግን አስቀድመን ፈቃዳቸውን እንጠይቅ፥ ፊታቸውንም አንሸፍን።