ቅዳሜ ተማሪ፣ ማክሰኞ ሲስተር

የአራት ዓመቷ ልጄ አሻንጉሊቷን ታስተኛለች፣ ጋቢ ታለብሳለች፣ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋለች። ከዚያ ብድግ ትልና «በይ አታልቅሺ፣ ዲውቲ ነኝ» ብላ በሩን ዘግታባት ትወጣለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቅሁ። በሁለተኛው ቀን ግን አልሳቅሁም።

ኮላ ድባ የምኖር ነርስ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ቀንም ሌሊትም እንደ ተራዬ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ጎንደር የዲግሪ ተማሪ ነኝ። በቤታችሁ እየሠራ የሚማር ሰው ካለ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከሌለ አንድ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ዋሉ። ዓርብ ማታ ዲውቲ ካደርኩ፣ ሲነጋ በሽተኞቼን አስረክቤ፣ ጋውኔን ቦርሳ ውስጥ ጠቅልዬ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ከሃንድአውቱ ሁለት ገጽ አነባለሁ። ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄድና አዘዞ ላይ እነቃለሁ። መንገድ ተዘግቶ ፈተና ያመለጠኝ ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ማመልከቻ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ራሱን የቻለ ኮርስ ነው።

ሜሪላንድ ያለች ጓደኛዬም እንደኔው እየሠራች ትማራለች። እዚያ የነርሲንግ ተማሪ በሆስፒታል ረዳትነት ይቀጠራል፤ ሙቀትና ደም ግፊት ይለካል፣ በሽተኛ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ አንሶላ ይቀይራል። ነርስ የሚሆነው ሲጨርስ ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ በዲፕሎማ ነርስ ሆነን ዓመታት ከሠራን በኋላ ተመልሰን ተማሪ እንሆናለን። እሷ የምትፈራው ያልነካችውን ነው። እኔ የምፈራው ስነካው የኖርኩትን ነው።

ለዚህ ዓይነት ኑሮ አገራችን አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በዓመቱ፣ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እገዛ ተከፈተ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ፣ ተማሪዎቹን ጤና ጣቢያ መድቦ እየሠሩ ያስተምራቸው ነበር። ከእነዚያ ጣቢያዎች አንዱ የእኛው ኮላ ድባ ነው። ወባውም አልሄደም፤ ክረምቱ ሲወጣ ዛሬም ይመጣል።

አንድ ቅዳሜ መምህራችን ስለ ከባድ ወባ ሲያስተምሩ «ዝም ያለ ሕፃን ሁሉ የተኛ አይምሰላችሁ» አሉ። በከባድ ወባ የታመመ ልጅ አይበላም፤ ተሕዋሲው ስኳሩን ይሻማዋል፣ ጉበቱም የጎደለውን መተካት ያቅተዋል። ስለዚህ የደም ስኳሩ ይወርዳል፤ ልጁም እንቅልፍ የመሰለ ነገር ውስጥ ይገባል። ይህን በዲፕሎማውም ተምሬው ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄ ረስቼዋለሁ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ቦታ ስሠራ፣ «ተኝቷል» ብዬ ያለፍኩት ልጅ ትዝ አለኝ። ሲነጋ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከ። መጨረሻውን አልሰማሁም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ አልነበረኝም።

አስታማሚ ሆናችሁ ሆስፒታል ስታድሩ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነርሷ ወረቀት ይዛ ስታነብ አይታችሁ ይሆናል። «በሽተኛ ትታ ታጠናለች» ትላላችሁ። አንዳንዴ እውነታችሁን ነው፤ ፈተና ሲደርስ ልባችን ይከፈላል። እኔም ማክሰኞ ሌሊት እንዲሁ ሳነብ ነበር። ከገጠር የመጣ የሦስት ዓመት ያህል ልጅ ወባው ተረጋግጦ የመጀመሪያውን አርቴሱኔት ወስዷል፤ ሲገባ የተለካው ስኳርም ደህና ነበር። አሁን ጸጥ ብሏል። ጠጋ ስል እናቱ እጄን ያዘች።

«አይቀስቅሱብኝ ሲስተር፣ ገና አሁን ነው የተኛልኝ።»

«ትንሽ ነው የምወጋው እህቴ፣ ጣቱን ብቻ።»

ስወጋው አላለቀሰም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። መለኪያው 38 አለ። ተረኛውን ሐኪም ጠራሁ፤ ባለ 40 ፐርሰንቱን ግሉኮስ አንዱን እጅ በሦስት እጅ የመርፌ ውሃ አቅልለን በደም ሥሩ ቀስ አድርገን ሰጠነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጁ ዓይኑን ገለጠና ክፍሉን በጩኸት ሞላው። እናቱ ተቆጣችኝ፤ ገና የተኛ ልጇን ቀስቅሼባት የለ! ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ለየትኛው ልጅ እንዳለቀስኩ እኔው አውቃለሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምችለው ብቻዬን እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ ልጃችንን ማጠብና ማበጠር ችሏል፤ ጉንጉኑ ግን ገና ነው። ዋናዋ አማቴ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ማታ ማታ ሳጠና ፈትላቸውን ይዘው አጠገቤ ይቀመጡና «ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ እኔም ልስማ» ይሉኛል። መጀመሪያ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ መስሎኝ ነበር። እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ካልገባቸው «ይሄ አልጣመኝም፣ ድገሚው» ይላሉ፤ እውነትም ለእሳቸው ማስረዳት ያቃተኝ ነገር ፈተና ላይ ያቅተኛል። ለልጄ የማልደርስበትን ሰዓት ሁሉ የሚሞሉትም እሳቸው ናቸው። ልጄ ሌሊት ስትባንን የምትጠራው እሳቸውን ነው። ይህን ስጽፍም ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ አተኩሶት እናቱ አዝላው በራችን ላይ ቆመች። እኔ ከዲውቲ ወጥቼ ተኝቻለሁ። በእንቅልፍ ልቤ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ቆመሽ ታዘያለሽ! ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ደግሞ ዝም ካለ ተኛ ብለሽ እንዳትተዪው፣ ስኳሩን እዩልኝ በያቸው።»