በረንዳው የማን ነው?

እስቲ ቆጠራ እናካሂድ። አንድ ሰማያዊ በርሜል፣ ባለ 200 ሊትር። ስድስት ቢጫ ጀሪካን። ግማሽ ጆንያ ከሰል። የተሰነጠቀ ምጣድ (“አንድ ቀን ይጠገናል” ተብሎ ሦስት ዓመት የቆየ)። ባለቤቱ አድጎ የተወው የልጅ ብስክሌት። ቀይ ሽንኩርት በቅርጫት። ዝገት የጀመረው ዲሽ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ የልብስ ገመድ። ይህ ሁሉ ጓዝ የሰፈረው ርዝመቱ 2 ሜትር ከ80፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 በሆነች ቦታ ላይ ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የእኛ በረንዳ።

“እኛ” ስንል አምስት ነን። አያታችን እማማ፣ እናታችን፣ ሁለት እህትማማቾች እና የ12ኛ ክፍል ተማሪው ወንድማችን። ከአምስታችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃለች፤ ይህን የምትጽፈውም እሷው ናት። ነገሩ ግን የሁላችንም ስለሆነ “እኔ” ብሎ መጻፍ ድፍረት መሰለን።

ነገሩ የተጀመረው ታላቂቱ ከመሥሪያ ቤቷ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዳ በመጣች ማግሥት ነው። ቀለም በቀለም የሆኑ የሚለጠፉ ወረቀቶች ይዛ መጣች፤ ከነሱ ጋር “ዲዛይን ቲንኪንግ” የሚል ቃል። ቃሉ ለእኛ አዲስ ይሁን እንጂ ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ያለውን ሁኔታ ወደተሻለ ለመለወጥ መላ የሚዘይድ ሁሉ ንድፍ አውጪ ነው የሚል ሐሳብ አስቀምጧል። አይዲኦ የተባለው የዲዛይን ድርጅት ሐሳቡን በሥራ አሳየ፤ የድርጅቱ መሪ የነበረው ቲም ብራውንም እ.ኤ.አ. በ2008 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ጻፈበት። የስታንፎርዱ የዲዛይን ትምህርት ቤት ደግሞ በአምስት ደረጃ ከፋፍሎ አስተማረው፦ ተጠቃሚውን መረዳት፣ ችግሩን አጥርቶ መግለጽ፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ በርካሽ ሠርቶ ማየት፣ ከዚያ መሞከር።

እናታችን ሽንኩርት እየከተፈች ስታዳምጥ ቆየችና “ልብስ ሰፊውም እኮ ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም” አለች። ሳቅንባት። በኋላ ግን የተሳቀብን እኛው ነን።

ቸኮልን። ከአምስቱ ደረጃዎች የመጀመሪያውን ዘለልነው፤ የገዛ ቤታችንን ሰው መቼም እናውቀዋለን ብለን። ስልካችንን ከፍተን የየአገሩን በረንዳ ፎቶ ሰበሰብን። ብር አዋጣንና አርቴፊሻል ሳር፣ ሁለት የአበባ መትከያ እና በባትሪ የሚሠራ የመብራት ገመድ ገዛን። በርሜሉን መታጠቢያ ቤት አስገባነው፣ ጀሪካኖቹን አልጋ ሥር ከተትናቸው፣ ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ያምር ነበር (ላይኩም አልጠፋም)። በረንዳው ግን አራት ቀን አልዘለቀም። በሁለተኛው ቀን ውሃ ጠፋ፤ እናታችን ሌሊት በርሜሉን ስትዞር ጉልበቷን ገጨች። ሳሩ ከልብስ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይዞ መሽተት ጀመረ። እማማም አንድ ጊዜ ብቅ ብለው አዩና “ያምራል ልጆቼ” ብለው ተመልሰው ገቡ። በአራተኛው ቀን በርሜሉ ወደ ርስቱ ተመለሰ።

ሳሩና መብራቱ አላሳዘኑንም። ያቺ “ያምራል” ብሎ መግባት ግን ከነከነችን።

እማማ ወደ እኛ የመጡት በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ነው። እዚያ ሳሉ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን እንግዳ ከየት እንደመጣ ከእሳቸው የሚያመልጥ አልነበረም። በሙያችን ቋንቋ የመንደሩ ዋና አዘጋጅ ነበሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ዝም አሉ። ቀን መተኛት ጀመሩ። “ቀኑ አልመሽ አለኝ” ይላሉ አንዳንዴ። እኛ እርጅና ነው ብለን ነበር። ከመካከላችን ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚደረግ ዓመታት የተማረች ሰው አለች፤ የገዛ አያቷን ግን “እማማ፣ ምሳ በሉ?” ከማለት ያለፈ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ማፈር ነበረብን፤ አፈርን።

ስለዚህ ከ“ሀ” ጀመርን። አንድ ሳምንት ምንም ላለመንካት ተስማምተን በረንዳው በር አጠገብ ደብተር አስቀመጥን። ማን ወጣ? በስንት ሰዓት? ምን ሊያደርግ? ስንት ደቂቃ ቆየ? የጋዜጠኛ ጥያቄዎች ናቸው እንግዲህ።

ደብተሩ ያላሰብነውን ነገረን። ብዙ የምትመላለሰው እናታችን ናት፤ ሁሉም ምልልስ ለውሃ ነው። በርሜሉ ያለው ከወጥ ቤቱ በር በተቃራኒ ጫፍ ስለሆነ በእያንዳንዱ ጆግ ውሃ እርጥብ ልብስ ሥር ጎንበስ ብላ ትሄዳለች፣ ጎንበስ ብላ ትመለሳለች። ወንድማችን ማታ ማታ የሚወጣው ለጥናት ይመስለን ነበር፤ ለስልክ ነው (ከማን ጋር እንደሆነ ደብተሩ አይናገርም)። ከአምስታችን ውጪም ተጠቃሚ ተገኘ። ከሥራችን ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን በርበሬያቸውን የሚያሰጡት ልብሳችን በሚንጠባጠብበት አቅጣጫ ነው። ሰላምታቸው ለምን እንደቀዘቀዘ ያን ዕለት ገባን።

እማማስ? በቀን አራት፣ አምስት ጊዜ ይወጣሉ። መከለያውን ይዘው ይቆማሉ። ከሦስት ደቂቃ በላይ ግን አይቆዩም። ወንበር ስለሌለ ነው እንዳንል ወንበር አለ። ተራ በተራ ተቀመጥንበት። የመከለያው ቁመት 1 ሜትር ከ5 ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ብሎኬት። እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚታየው ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶው በላይ የፊት ለፊቱ ብሎክ ጣሪያ ከነዲሾቹ፣ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። ሰው የለም። ሰው ለማየት መቆም ያስፈልጋል፤ ጉልበታቸው ደግሞ አያስቆማቸውም።

“እማማ፣ ምን ሊያዩ ነው የሚወጡት?” አልናቸው።

“ሰው ነዋ!” አሉ፣ ጥያቄው እንደ ገረማቸው። ትንሽ ቆይተው “እኔንም ሰው ቢያየኝ ብዬ” አሉ።

ከዚያ በኋላ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አልከበደንም። “በረንዳውን እንዴት እናሳምረው?” የሚለውን ሰርዘን “እማማ ተቀምጠው ግቢውን እንዲያዩ፣ እናታችንም ሳትጎነበስ ውሃ እንድትቀዳ ምን እናድርግ?” ብለን ጻፍን።

የወጥ ቤቱን በር ያን ዕለት ማታ በወረቀት ሞላነው። ወንድማችን መከለያውን ሰብረን የብረት ፍርግርግ እናስገባ አለ። ይህ አይሆንም፤ የጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትን ከጋራው ንብረት ይለያል፤ የሕንፃው የውጭ አካል ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ሌላው ሐሳብ ወለሉን በጣውላ ከፍ ማድረግ ነበር። ጥሩ መስሎን ሳለ እናታችን “ወለሉ ከፍ ሲል መከለያው ዝቅ አለ ማለት አይደል?” አለች። እውነቷን ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ብናነሳው 1 ሜትር ከ5 የነበረው መከለያ 75 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቀራል። የእህቶቻችን ልጆች ለበዓል ሲመጡ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ወለሉ ከሚነሳ ወንበሩ ይነሳ ተባለ። ሙከራው አንድ ሳንቲም አላስወጣንም፤ አራት የፕላስቲክ ወንበር ደራረብን። የመቀመጫው ከፍታ ከ42 ሴንቲ ሜትር ወደ 60 ገደማ ወጣ። እማማን በሁለት ወገን ደግፈን አስቀመጥናቸው። ዝም አሉ። አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። “ያቺ ሴትዮ ጤፏን ታች ነው እንዴ የምታበጥረው?” አሉ። ለካ ሰፈሩን አንድም ቀን ተቀምጠው አይተውት አያውቁም!

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን “እግሬ ደነዘዘ” አሉ። እግራቸው ተንጠልጥሎ ነበር። የለስላሳ ሣጥን ገልብጠን ከእግራቸው ሥር አደረግን፤ ዳነ። ከዚያ ልኩን ይዘን ብረት በያጅ ዘንድ ሄድን። በቱቦላሬ የተሠራ፣ ክንድ ማሳረፊያና እግር መርገጫ ያለው፣ እግሮቹ ሰፋ ያሉ ወንበር ሠራልን። ከመከለያው ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ልጆች ሲመጡ ደግሞ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ከፍ ያለ ወንበር ለሕፃን መሰላል ነውና።

ቀጥሎ ውሃው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በርሜሉ ሲሞላ 200 ኪሎ፣ ስድስቱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 120 ኪሎ፤ በድምሩ 320። አራት አምስት ጎልማሶች ቀን ከሌሊት ከበረንዳችን ጫፍ ቆመው ይኖራሉ ማለት ነው። በብሎካችን ያለ መሐንዲስ ጎረቤት፣ ክብደቱን ቀንሱ፣ የቀረውንም ወደ ውጭ ከሚወጣው ጫፍ አርቃችሁ ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠጉ አለን። ሦስት ጀሪካን አሰናበትን። በርሜሉ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ግድግዳ ሥር፣ በብሎኬት ላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ከሥሩም ቧንቧ ተገጠመለት። እናታችን አሁን ባልዲዋን ከሥር አስቀምጣ ትከፍታለች፤ መጎንበስ ቀረ። የልብስ ገመዱም ወደ ጎን ተዛወረና ከሥሩ ገንዳ ተደረገ፤ የጎረቤታችን በርበሬ ዳነ። በረንዳችን ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ገመዱ ሲነሳ የጧት ፀሐይም ገባ። እማማ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት እዚያው ናቸው።

ከሰሉ የራሱ ትምህርት ነበረው። ድሮ ውጭ እናቀጣጥለውና ጭሱ ሲያልቅ ለቡና ሳሎን እናስገባው ነበር። ጭሱ አለቀ ማለት ግን መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ከሰል ፍም ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። ስለዚህ ቡናው ራሱ በረንዳ ወጣ። አንዱ የአበባ መትከያ ጤና አዳም ተተክሎበታል፤ ለስኒው ከዚያው ይቀነጠሳል።

ስለ ቤቶቹ አንድ ነገር እንበል። የመጀመሪያው የኮንዶሚኒየም ሙከራ የተሠራው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ቦሌ ገርጂ ላይ፣ በጀርመኑ ጂቲዜድ ድጋፍ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ስለ ኑሯችን አላሰቡም አይባልም። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ሕንፃ እንዲኖር የታሰበው ኑሯችን ታይቶ ነው። ግን ኑሮ ከወረቀት ይሰፋል። በፕላኑ ላይ ቦታ ያላገኘው ሁሉ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ ውሃ ማጠራቀም፣ በርበሬ ማስጣት፣ ሰው መናፈቅ።

ሁሉም ተፈታ አንልም። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ በንፋስ እየተገፋ እስከ በሩ ይደርሳል፤ ወንበሩም ሳሎን ይከርማል። ለዚህ ገና መላ አላገኘንም። ምጣዱም እናታችን “አይጣልም” ስላለች አለ። በርሜሉም አለ። ውሃ ሳይቋረጥ ቢመጣ ኖሮ ከበረንዳችን አንድ ሦስተኛውን እናስመልስ ነበር። ይህንን በሚለጠፍ ወረቀት የሚፈታው የለም።

ባለፈው እሑድ ቡና ሊፈላ ሲል ጎረቤት ሊጠራ ወንድማችን ጫማውን ፈለገ። እማማ ከወንበራቸው ሆነው “ተወው” አሉት። ወደ ታች ሰገግ ብለው የሁለተኛ ፎቋን ጎረቤታችንን በስሟ ጠሯት።

“መጣሁ እማማ!” የሚል ድምፅ ከሥር ተሰማ።

የእናንተ በረንዳስ? ማን ይወጣበታል? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?