ሲስተም የለም

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ለሁለት መቶ ያህል ሰው በአንድ ጊዜ፣ በኮምፒውተር ጽፌ፣ በር ላይ በፕላስተር ለጥፌ የዋሸሁት ግን አንዴ ብቻ ነው። ውሸቷ ሁለት ቃል ናት፤ «ሲስተም የለም»።

ይህችን ሐረግ የማያውቅ ከተሜ ያለ አይመስለኝም። ባንክ ቤት ገብታችሁ፣ ቅጹን ሞልታችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቆሙ ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል ትነግራችኋለች። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አነጋገሩ ነው። «ተበላሽቷል» አይባልም፤ «የለም» ነው የሚባለው። የተበላሸ ነገር ያበላሸው ሰው ይኖራል፤ የሚጠግነውም ይፈለጋል። የሌለ ነገር ግን ማን ይጠየቅበታል? ሰዉም መርዶ እንደሰማ ሁሉ ከንፈሩን መጦ ይወጣል፤ ወይ ዝናብ እንደያዘው ሰው ጥግ ይዞ «እስኪመጣ» ይጠብቃል።

ወደ ውሸቴ ልመለስ። ወቅቱ የ2004 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። በዓሉ ቅዳሜ ይውላል። እኔ ለጡረተኞች በየወሩ ገንዘብ የሚከፍል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ (ስሙ ይቆየን) የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። አራት መስኮት፣ አራት ካሸር፣ ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ሰርቨር። ካሸሮቹ ከየመስኮታቸው ሆነው በጥቁር ስክሪን ወደሱ ይገባሉ፤ የባለመብቱን ቁጥር ይመታሉ፣ ኢንተር ይላሉ፣ ደረሰኝ ይወጣል። ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ። አሮጌ ነገር ነው፤ ግን ይሠራል።

ሰኞ ጠዋት አልሠራም። «ስህተት» ብሎ ቢጮህ እንኳ ደግ ነበር። ኢንተር ሲመታ ጠቋሚዋ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ሄዳ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ በቃ። አምስት ደቂቃ ብልጭ ድርግም፤ ግማሽ ሰዓት ብልጭ ድርግም።

ያልሞከርነው የለም። ኔትወርክ ነው ተባለ፤ ኬብል ተነቅሎ ተሰካ። ስዊቹ ጠፍቶ በራ። ቫይረስ ነው ተባለ፤ የካሸሮቹ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ተፈተሹ። ፕሮግራሙን ዘግተን ከፈትነው፤ የይለፍ ቃል ተቀብሎ ያስገባና የመጀመሪያው ክፍያ ላይ ሲደርስ ቀጥ። ሰርቨሩን ራሱን አጥፍተን እንዳናበራ ደግሞ የኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል። እሳቸውም «አጥፍታችሁት አልነሳም ቢልስ?» ብለው እምቢ አሉ። ፈርመው ቢሆን ኖሮ ችግሩ በአምስት ደቂቃ ይለቅ ነበር፤ እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ ጡረታ እወጣ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጥፋተኛ ተገኘ። የመስኮት ቁጥር 2 ካሸር። ሰኞ ጠዋት ቀድማ የገባችው እሷ ናታ! «ምን ነካክተሽ ነው?» ተባለች። «እንደሁልጊዜው ቁጥር ነው የመታሁት» አለች። ከሰዓት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እየተረቀቀላት እንደሆነ ጸሐፊዋ ሹክ አለችን። እኔ ዝም አልኩ። የሷ ጥፋት ነው ለማለትም አይደለም ለማለትም ማስረጃ የለኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ሽማግሌም ነበሩ። ሰኞ መጥተዋል፣ ማክሰኞም መጡ። ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። በር ላይ የለጠፍኩትን ጽሑፍ ቀስ ብለው አነበቡና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

እያሾፉብኝ ይሁን የምራቸውን አልለየሁም። «ነገ ይመጣል አባባ» አልኳቸው።

ማክሰኞ ማታ ሁሉም ሲወጣ ቀረሁ። ለአንድ ወዳጄ ደወልኩለት። «ፕሮግራሙ አሁን ምን እያደረገ ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ተቆጣ። «ምንም የሚያደርግ ፕሮግራም የለም! ወይ እየሠራ ነው፣ ወይ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። በስትሬስ እየው» ብሎ ዘጋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ የሚሮጥ ማንኛውም ፕሮግራም በገዛ እጁ ምንም መንካት አይችልም። ማስላት ይችላል፤ ሁለትና ሁለትን ይደምራል። ፋይል መክፈት፣ ስክሪን ላይ ፊደል ማውጣት፣ ኔትወርክ ላይ መልእክት መላክ ካማረው ግን ከርነሉን መለመን አለበት። ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው፤ ዲስኩም፣ ኪቦርዱም፣ ፕሪንተሩም ያሉት በሱ እጅ ነው። ልመናው «ሲስተም ኮል» ይባላል። ቀበሌን አስቡ። መዝገብ ቤት ገብታችሁ ፋይል አታገላብጡም፤ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ ማመልከቻ ታስገባላችሁ፣ ምላሽ ትጠብቃላችሁ። ማመልከቻዎቹ ቁጥር አላቸው። ባለ 64 ቢቶቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ 0 ማንበብ ነው፤ 1 መጻፍ፣ 2 መክፈት፣ 3 መዝጋት፤ እንዲህ እያለ ከሦስት መቶ በላይ ይሄዳል።

ስትሬስ የሚያደርገው መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ማዳመጥ ነው። ፖል ክራነንበርግ የሚባል ሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1991 ለሰን ማሽኖች ጻፈው፤ በዓመቱ ብራንኮ ላንከስተር ወደ ሊኑክስ አመጣው። ውበቱ፣ ፕሮግራሙን ማቆም አያስፈልጋችሁም፤ ኮዱም እጃችሁ ላይ መኖር የለበትም። እየሮጠ ያለውን ፕሮሰስ ቁጥሩን ፈልጋችሁ ትጣበቁበታላችሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያቀርበው ልመና ሁሉ በመስመር በመስመር ይወርዳል። መጀመሪያ የልመናው ስም፣ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ዝርዝሩ፣ ከዚያ የእኩል ምልክት፣ ከእኩል ምልክቱ ወዲያ የከርነሉ መልስ። ፋይል ክፈትልኝ ብሎ ከተሳካለት የፋይል ቁጥር ይሰጠዋል። ካልተሳካ ነጌቲቭ 1 ይባላል፤ ከጎኑም ምክንያቱ ይጻፋል፤ «ፈቃድ የለህም»፣ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም»። አያችሁ፣ ከርነሉም «የለም» ይላል። ግን ምን እንደሌለና የት እንደሌለ በስሙ ጠርቶ ነው።

አዎ፣ ክትትል ነው። ቃሉ ራሱ እኛ አገር ያስደነግጣል። ደግነቱ አንድን ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ መከታተል የሚችለው አንድ ተከታታይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ቢመጣ ከበር ይመለሳል። (ለሰውም እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ ማለፊያ ነበር።) ዋጋም አለው። እያንዳንዱ ልመና ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ ስለሚቆም የሚከታተሉት ፕሮሰስ ይንቀራፈፋል። ሰው በሚሠራበት ሰዓት እንደዋዛ የሚነካ ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ግን የሚሠራ ሰው ስለሌለ በድፍረት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የመስኮት ቁጥር 2ን ፕሮሰስ ያዝኩ። አንዲት መስመር ወጣች። «ፍሎክ(7፣ ሎክ ኤክስ» ትላለች። ቅንፉ አልተዘጋም። የእኩል ምልክት የለም። ጠበቅኩ፤ ሁለተኛ መስመር አልመጣም።

ፍሎክ የቁልፍ ጥያቄ ነው። «7 ቁጥርን ፋይል ለብቻዬ ቆልፍልኝ፤ ሌላ ሰው ይዞት ከሆነም እስኪለቅ ቆሜ እጠብቃለሁ» ማለት ነው። ወደ መስኮት 1 ሄድኩ፤ ያችው መስመር። 3፣ ያችው። 4፣ ያችው። አራቱም አንድ በር ላይ ቆመው ያንኳኳሉ፤ ቁልፉን የያዘ ከመካከላቸው የለም። ልጅቷን ነጻ ለማውጣት ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያን ሰዓት ስለሷ አላሰብኩም፤ ቁልፉን ማን ይዞታል የሚለው ነበር የያዘኝ።

ሊኑክስ «ፕሮክ» የሚባል ማውጫ አለው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የከፈታቸው ፋይሎች በየቁጥራቸው እዚያ ይታያሉ። 7 ቁጥርን አየሁና ክው አልኩ። ያን ቁልፍ ከክፍያ ፕሮግራሙ ሌላ የሚነካ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ እኔ የጻፍኩት የመጠባበቂያ ቅጂ ስክሪፕት። ቅጂው ክፍያ መሀል ላይ እንዳይወሰድ ብዬ፣ በጥንቃቄ፣ መዝገቡን መጀመሪያ እንዲቆልፍ አድርጌዋለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ የስክሪፕቱን ፕሮሰስ ፈልጌ ስትሬሱን አዞርኩበት።

«ሪድ(0፣»

ይኸው ነው። 0 ማለት ኪቦርድ ነው። ስክሪፕቱ ቁልፉን በጉያው ይዞ ከኪቦርድ የሚመጣ ፊደል እየጠበቀ ነው።

ዓርብ ማታ ትዝ አለኝ። ሠርቪስ ሊያመልጠኝ ነበር። ስክሪፕቱን ከጀርባ አስነስቼ፣ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ሮጥኩ። ሌላ ጊዜ የሚቀዳበት ዲስክ ባዶ ስለሚሆን ምንም አይጠይቅም። ያን ለት ግን የቆየ ቅጂ ነበረበት። ትቼው የሄድኩትን መስኮት ስከፍተው ጥያቄው እዚያው ተቀምጧል፤ «የቆየ ቅጂ አለ፤ ይተካ?» ይላል። አዎ ለማለት ዋይ፣ አይ ለማለት ኤን። ጥያቄውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ይህም ለጥንቃቄ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሕዝቡ ደጅ ላይ ዋይ ይላል፤ ማሽኑም ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው አንዲት ዋይ ነበር፤ ከኔ እጅ።

ቶሎ አልመታኋትም። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ማንም አላየኝም ብዬ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ መታሁ። ቅጂው ጥቂት ደቂቃ ፈጅቶ አለቀ። በጎን ከፍቼ የተውኩት የመስኮት 2 ስትሬስ ላይ ያቺ ሁለት ቀን አፏን ከፍታ የቆየች መስመር ቅንፏን ዘጋች፤ «እኩል 0» መጣላት። ከኋላዋ መስመሮቹ እንደ ውሃ ወረዱ፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መዝጋት። ጨለማው አዳራሽ ውስጥ አራቱም ፕሪንተሮች ተራ በተራ ተነሱና ቤታቸው ለገቡ ሰዎች ደረሰኝ ማተም ጀመሩ። እውነቴን ነው፣ ደንግጬ መብራቱን አበራሁ።

ረቡዕ ጠዋት ማስታወቂያዬን ቀደድኩ። ሽማግሌው ሲገቡ በሩን አዩና «መጣ እንዴ?» አሉ። «መጣ አባባ» አልኳቸው። ገንዘባቸውን ቆጥረው፣ በፌስታሉ ጠቅልለው፣ እኔ ዘንድ መጡና መረቁኝ። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። እጅህ! የት ልደብቃት?

ኃላፊው «ምን ሆኖ ነበር?» ሲሉኝ «ሲስተሙ ተቆላልፎ ነበር» አልኩ። በቂ መልስ ነበር። አጠያየቃቸውም ለወጉ ያህል ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ካሸሯ ደብዳቤዋን ተቀበለች። ችግሩ ከተፈታ በኋላ ደብዳቤው ለምን አስፈለገ? ተረቅቆ ስላለቀ። ጥግ ይዛ ስታነበው አየኋት። አላለቀሰችም፤ ሁለቴ አነበበችና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሁለቱን መስመሮች አትሜ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ይሄ ምንድነው ቅንፉን እንኳ ያልዘጋው?»

«መልስ እየጠበቀ ስለነበር ነው ጋሼ።»

«ከማን?»

«ከኔ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?» «ማንም» አልኩ። «ታዲያ ምን ያስለፈልፍሃል?» አሉኝ፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ ሊያተርፉኝ ፈልገው ነው። የልጅቷ ደብዳቤ አርብ ለት ተነሳ። የኔም መጣ። ቃል በቃል የሷው ነው፤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ፣ «በመስኮት ቁጥር 2 ላይ በፈጸሙት የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ሳይታረም። ስክሪፕቱንም አስተካከልኩ። አሁን መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ኋላ ይቆልፋል።

ልጅቷ እስከ ገና ማግስት አላናገረችኝም፤ ቢሆንም አልፈርድባትም። ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር መጣችና «ያን ያየህበትን ነገር አሳየኝ» አለችኝ። ፕሮግራሟን ከፈተች፤ እኔ በሌላ ኮምፒውተር ተጣበቅኩበትና ስክሪኑን አጠገቧ አደረግኩላት። መስመሮቹ ሲንጠባጠቡ ደስ አላት። «በይ ግቢ» አልኳት። መምታት ጀመረች። ፕሮግራሙ ከኪቦርድ የሚያነበው በየፊደሉ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቁልፍ በነካች ቁጥር አንድ መስመር ይወርዳል፤ ሪድ፣ 0፣ ከዚያ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ፊደሉ። ስሟ ወረደ። ቀጥሎ እሷ ስክሪን ላይ ምንም የማይታየው ክፍል መጣ፤ እኔ ጋ ግን ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። አራተኛው ላይ እጇን አቆመች።

«ይሄ የይለፍ ቃሌ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«ያኔ ማታም አይተኸዋል?»

«ኧረ አላየሁም። ያኔ እኮ አንቺም አልነበርሽ።»

«ማየት ትችላለህ ወይ ነው ያልኩህ። በማንኛውም ቀን።»

«እችላለሁ» አልኳት።

«ዝጋው።»

ዘጋሁት። እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ፣ አንድም ፊደል ሳትመታ፣ ከክፍሉ እስክወጣ ጠበቀች።