የትኛው ፊልጶስ?

ክፍል ውስጥ ሁለት ገመቹ ካሉ መምህሩ በአባት ስም ይለያቸዋል። መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱን ያዕቆቦች እንዲሁ ነው የሚለያቸው፤ አንዱ የዘብዴዎስ ልጅ፣ ሌላው የእልፍዮስ ልጅ።

ፊልጶስ ላይ ስንደርስ ግን የአባት ስም የለም። እናላችሁ፣ “ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ማን አጠመቀው?” ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ “ሐዋርያው ፊልጶስ ነዋ!” ይላል። አይደለም ጎበዝ!

የሐዋርያት ሥራ 8፥1ን እንይ። ስደት ሲነሳ ምእመናኑ ተበተኑ፤ ሐዋርያት ግን ኢየሩሳሌም ቀሩ። ወደ ሰማርያ የወረደው ፊልጶስ እንግዲህ ከተበተኑት አንዱ ነው። 21፥8 ላይ ደግሞ ከሰባቱ ዲያቆናት ወገን መሆኑ ተጽፏል። ስንክሳርም ዲያቆኑን ጥቅምት 14፣ ሐዋርያውን ኅዳር 18 ያስባቸዋል።

“ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል?” የምትሉ አትጠፉም። ያመጣል! ሰባቱ የተመረጡት ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ “መበለቶቻችን በየዕለቱ እደላ ተረሱ” ብለው ስላጉረመረሙ ነው። ፊልጶስ የተሾመው ማዕድ ሲታደል በቋንቋው የተነሳ የሚረሳ ሰው እንዳይኖር ነበር። ይኸው ሰው በጋዛ መንገድ ሮጦ ከሩቅ አገር የመጣውን መንገደኛ ሠረገላ መድረሱ አይገርመንም።

እኛ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን የምናወራ የኖፓ ልጆች ይህን ዲያቆን በደንብ ልናውቀው ይገባል። ሥራውን ለሐዋርያው ስንሰጠው፣ የመበለቶቹም ታሪክ አብሮ ይጠፋል።